ኮረንቲ የሚያስተላልፈው ፕላስቲክ ርካሽ አሟሚ ይፈልጋል

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ አሴቶናይትራይል የተባለው ፈሳሽ ከዓለም ገበያ ጠፍቶ ዋጋው በብዙ እጥፍ ንሮ ነበር። ፈሳሹ በአብዛኛው ለብቻው አይመረትም፤ ለፕላስቲክና ለሰው ሠራሽ ክር ጥሬ ዕቃ የሚሆነው አክሪሎናይትራይል ሲሠራ የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። በዚያ ዓመት የመኪና ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋናው ምርት ቀነሰ፤ ተረፈ ምርቱም አብሮ ቀነሰ። በሴፕቴምበር ቴክሳስን የመታው አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ደግሞ እጥረቱን አባባሰው።

እጥረቱ በይበልጥ የጎዳው የመድኃኒት መመርመሪያ ላቦራቶሪዎችን ነው። ሆኖም ኮረንቲ አስተላላፊ ፕላስቲክ ለሚሠሩትም ትምህርት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 የታወቀውና በ2000 ለሂገር፣ ለማክዳያርሚድና ለሺራካዋ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኘው ይህ ፕላስቲክ ዛሬ በካፓሲተርና በመመርመሪያ መሣሪያዎች ውስጥ ይገባል።

አሠራሩ ብረት ከመለበጥ ጋር ይመሳሰላል። ኤዶት የተባለው ጥሬ ዕቃ ከጨው ጋር በአሟሚ ውስጥ ይሟሟል፤ ሁለት ብረቶች ይነከሩና ኮረንቲ ይለቀቃል። በፖዘቲቩ ብረት ላይ ፔዶት የተባለው ስስ ሽፋን ይበቅላል። የሽፋኑ ውፍረት በተለቀቀው የኮረንቲ መጠን ይወሰናል።

ችግሩ ያለው አሟሚው ላይ ነው። ውኃ ርካሽ ቢሆንም ኤዶትን እምብዛም አያሟሟም። አሴቶናይትራይል በደንብ ያሟሟል፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባም ወደ ሳያናይድ ይለወጣል። የአወጋገዱ ወጪም ከዋጋው ላይ ይደመራል።

አማራጩ የተገኘው ከርካሽ ሸቀጦች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዶሮ መኖ የሚጨመረው ኮሊን ክሎራይድ ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር ሲደባለቅ ሁለቱ ደረቅ ነገሮች ፈሳሽ እንደሚሆኑ አሳዩ። በዩሪያው ፋንታ የራዲያተር አንቲፍሪዝ የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል በክብደት ግማሽ በግማሽ ገደማ ሲገባ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ይገኛል። ፔዶትን በዚህ ድብልቅ ውስጥ ማብቀል እንደሚቻል በላቦራቶሪ ተረጋግጧል።

ድብልቁ በቀላሉ አይተንም፤ እሳትም ቶሎ አይዘውም። ጉድለትም አለው። ከአሴቶናይትራይል መቶ እጥፍ ገደማ ስለሚወፍር ሥራው ይዘገያል፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ኤቲሊን ግላይኮልም ቢጠጣ መርዝ ነው። ስለዚህ ለፋብሪካ ባለቤት ሒሳቡ በሊትር ዋጋ ብቻ አያልቅም፤ የሚባክነው ጊዜ፣ የሽፋኑ ጥራትና ድብልቁ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚሠራበት አብረው መታየት አለባቸው።