የሯጮች ሒሳብ ለምን ያሳስተናል?

በቅርቡ አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ስለ ሩጫ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከበደና ታደሰ መቶ ሜትር ይሮጣሉ እንበል። ከበደ ሲጨርስ ታደሰ ገና 10 ሜትር ይቀረዋል። እንግዲህ ውድድሩ እኩል እንዲሆን በሚቀጥለው ጊዜ ከበደ ከመነሻው መሥመር 10 ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ይነሣ ቢባል፥ ሁለቱ አብረው ይደርሳሉን? አብዛኞቻችን «ምን ጥርጥር አለው!» አልን፤ የሳምንት ሻይም ተወራረድንበት። ሻዩን ከከፈሉት ወገን ስለ ሆንን ስሕተቱን በደንብ እናውቀዋለን።

ስሕተቱ የመጣው 10 ሜትሩን ከከበደ የማይለይ ትርፍ አድርገን በመቁጠራችን ነው። ጥያቄው የሰጠን ግን ንጥጥር ነው፤ ይኸውም አንዱ ብዛት ከሌላው ጋር የሚነጻጸርበት መጠን ነው። ሁለቱ የሮጡበት ጊዜ አንድ ሲሆን፥ በዚያው ጊዜ አንዱ 100፥ ሌላው 90 ሜትር ሄዷል። ጊዜው እኩል ከሆነ የርቀቶቹ ንጥጥር የፍጥነቶቹም ንጥጥር ነውና ፍጥነታቸው እንደ 10 ለ9 ነው። ከዚህ በኋላ መቶውን ሜትር ልንረሳው እንችላለን፤ ከበደ 10 ሜትር በሄደ ቁጥር ታደሰ 9 ይሄዳል።

አሁን ከበደ ወደ ኋላ ሄዶ ሲነሣ የሚሮጠው 110 ሜትር ነው። እርሱ 110 ሲሮጥ ታደሰ 99 ይሮጣል፤ ስለዚህ ከበደ በ1 ሜትር ይቀድማል። ሒሳብ የማይወድ አንድ ጓደኛችን ይህንኑ ያለ ንጥጥር አስረዳን። ከበደ 100 ሜትር ሮጦ፥ ታደሰም 90 ሮጦ፥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ ለሁለቱም የሚቀራቸው 10 ሜትር ነው። «ታዲያ ፈጣኑ ማን ነበር?» ሲል ጠየቀን፤ የሚመልስ ጠፋ። በእውነት አብረው ይድረሱ ከተባለ ከበደ የሚሮጠው 100 በ10 ተባዝቶ ለ9 ሲካፈል የሚገኘውን ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ መሄድ ያለበት 11 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ሦስተኛ ሯጭ ሲጨመር ወጥመዱ ይብሳል። ታደሰም በበኩሉ አለሙን በመቶ ሜትር በ10 ሜትር ይቀድመዋል። ከበደ አለሙን በስንት ይቀድመዋል? በክረምት ታናናሾቻችንን ስናስጠና «በ20» የሚል መልስ ሳንሰማ የቀረንበት ጊዜ ትዝ አይለንም። ከበደ ሲጨርስ ታደሰ 90 ሜትር ላይ ነው፤ አለሙ ደግሞ የታደሰን ርቀት ዘጠኝ ዐሥረኛ፥ ማለት 81 ሜትር ሮጧል። ልዩነቱ 19 ነው። ንጥጥሮች ይባዛሉ እንጂ ልዩነቶቻቸው አይደመሩም።

ጥያቄው በርቀት ፈንታ ጊዜን ከሰጠ ደግሞ ንጥጥሩ ይገለበጣል። ከበደ መቶውን በ18 ሴኮንድ ቢጨርስ፥ ታደሰ በ20 ሴኮንድ ይጨርሳል፤ የፍጥነት 10 ለ9 በጊዜ 9 ለ10 ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሯጮቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ ፍጥነታቸውን ካልለወጡ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ፈጸመ። እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ19.2 ሴኮንድ ሁለተኛ ሆነ፤ ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ በ3.6 ሴኮንድ ብቻ ተቀድሞ ሦስተኛ ወጣ። ወደ ሴኮንድ ብንለውጠው የአበበና የሂትሊ ጊዜ 7931.2 ለ8179.2 ነው። በዚህ ንጥጥር 42,195 ሜትሩን ብናሰላ፥ አበበ መድረሻውን ሲረግጥ ሂትሊ 1,279 ሜትር ያህል ይቀረው ነበር፤ ጹቡራያ ደግሞ 1,297። እንግዲህ በወረቀታችን ላይ እንግሊዛዊው በዚያች ሰዓት 18 ሜትር ቀድሞ ይታያል። በመንገዱ ላይ ግን ከአበበ ቀጥሎ የነበረው ጹቡራያ ነው፤ ወደ ስታዲየሙም ሁለተኛ ሆኖ የገባው እርሱ ነበር። ሂትሊ ያለፈው በስታዲየሙ ውስጥ፥ መድረሻው ሲቃረብ ነው።