የሰሊጥ አጫጁ የማኅበር መብት

አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ጎንደርና ከጎጃም የሚወርዱ ሠራተኞች የሸሕዲን ከተማ ይሞሏታል። የደረሰ ሰሊጥ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ የፍሬው ማቀፊያ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋልና ያን ሰሞን የሚጣደፈው ባለ እርሻው ነው። አጫጁ ግን ይህ ጥድፊያ የሚሰጠውን የመደራደር አቅም ይዞ ለየብቻው ይደራደራል። ያሳዝናል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢያንስ 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋምን ይፈቅዳል። ከ10 በታች ሆነው በየእርሻው የተበተኑትም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፤ አባላቱ ከ10 ካላነሱ ይበቃል። ማኅበሩ ስለ ክፍያ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ወባ ሕክምና በኅብረት ስምምነት ይደራደራል። የማኅበር አባል መሆን ለስንብት ምክንያት አይሆንም።

ማኅበር ባይኖርም፣ የሥራ ውሉ በቃል ቢሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ፈርሞ የጽሑፍ መግለጫ መስጠት አለበት። ሠራተኛው ይህን መግለጫ ይጠይቅ።