አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ያለው ማነው?

ሶማሌ ተራ የመርካቶ አንዱ ክፍል ነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጥበታል። ጎማ ሲፈስ የሚጠግነው ሰው ጎሚስታ ይባላል። ጎሚስታው የተነፋውን ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። አረፋ ከወጣ ቀዳዳው እዚያ ነው።

ይህ ውሃ ሳይለወጥ ፀሐይ ላይ ከከረመ አረንጓዴ ይሆናል። በገጠርም ያው ነው። የከብት ገንዳ፣ ኩሬ፣ ክዳን የሌለው በርሜል ሁሉ እንዲህ ይሆናል። ቀለም የጨመረበት ሰው የለም። ታዲያ ምንድነው?

ከዚያ ውሃ አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ብናይ ብዙ ሕይወት ያላቸው ነገሮች እናገኛለን። ዋቅላሚ ይባላሉ። ከነሱ አንዱ ክላሚዶሞናስ ነው። ስሙ ይረዝማል፤ እሱ ግን ትንሽ ነው። አንድ ሚሊሜትር 100 ቦታ ቢከፈል አንዱን ክፋይ ያህላል። እንቁላል ይመስላል። ከውጭ ግድግዳ አለው። በውስጡ እንደ ስኒ የጎደጎደ አረንጓዴ አካል አለ። ይህ አካል የፀሐይን ብርሃን ይይዛል። በብርሃኑም ከውሃና ከአየር ምግብ ይሠራል፤ ልክ እንደ ጤፍ ቅጠል። አንዲት ቀይ ነጥብም አለችው። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ የሚለየው በሷ ነው። ከፊቱ ሁለት ቀጫጭን ጅራቶች አሉት። ጅራት ከፊት ይሆናል ወይ አትበሉን፤ በነሱ እየቀዘፈ ይሄዳል።

ይህን ዋቅላሚ የሚያድነው ጠላት ደግሞ ኪትሪድ ይባላል። ኪትሪድ ፈንገስ ነው፤ የእንጉዳይና የሻጋታ ዘመድ። አረንጓዴ አካል ስለሌለው ምግቡን ራሱ አይሠራም። የሚዋኘው ዘሩ ጅራቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ከኋላ። የሶማሌ ተራ መካኒክ ቢያያቸው፣ አንዱ በፊት ጎማ የሚጎተት፣ ሌላው በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ነው ይል ነበር።

ዘሩ ሲዋኝ ግድግዳ የለውም። ዋቅላሚ ሲያገኝ ይለጠፍበታል። ጅራቱን ይሰበስባል። ከዚያ ግድግዳ ያበጃል። ግድግዳው የሚሠራው ካይቲን ከሚባል ነገር ነው። የአንበጣ ቅርፊትም ከዚሁ ነው። ቀጥሎ ሥር የመሰሉ ክሮች ይሰድና የዋቅላሚውን ሆድ ዕቃ ይመጣል። አቀንጭራ በማሽላ ላይ የሚያደርገውን አይታችሁ የለ? እንደዚያው ነው። ጠግቦ ሲያብጥ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ተከፍቶ ብዙ ዘር ይለቃል።

ከኪትሪዶች አንዱ ዋቅላሚን ትቶ የእንቁራሪት ቆዳ ውስጥ ያድጋል። እንቁራሪት ውሃና ጨው የምታስገባው በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ሲታመም የደሟ ጨው ይጎድላል፤ ልቧም ይቆማል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋዎች በብዙ የእንቁራሪት ዓይነቶች ላይ መገኘቱን ገልጿል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓለም ላይ 90 ያህል የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዓይነቶች በዚህ በሽታ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ይናገራል። ሰውን አይዝም። ግን እንቁራሪት ተባይ ትበላለችና ነገሩ ገበሬን ይነካል።

የጎሚስታው ውሃ ቢያረነጉድ ጎማውን አይጎዳም። የመጠጥ ውሃ ግን ሌላ ነው። በርሜሉን አጥባችሁ በደንብ ክደኑት። ብርሃን ያጣ ዋቅላሚ አይራባም። የወባ ትንኝም እንቁላሏን አትጥልበትም።

በኩሬ ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም የተንሳፈፈ ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ። ዋቅላሚ ይመስላል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ሁሉም ክፉ አይደለም፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው ከዚሁ ወገን ነው። አንዳንዱ ግን መርዝ አለው። መርዙ ከብት ይገድላል። ውሃው ቢፈላም መርዙ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ኩሬ ስታገኙ ከብቶቻችሁን ወደ ወራጅ ውሃ ወይም ወደ ጉድጓድ ውሃ ውሰዷቸው።