ኢዚ ፓሱ የአንተ፣ ታርጋው የሰው

ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ሥራዬ ታክስ ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ በሰሜን ቨርጂንያና በሜሪላንድ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ፣ ጥቂቶቹም አሁንም ከታክሲ ያልወረዱ ሰዎች ናቸው። የሚመጡት ለታክስ ቢሆንም ከቦርሳቸው ከሚወጣው ወረቀት መካከል ያልተከፈተ ፖስታ አይጠፋም። ላኪው የመንገድ ክፍያ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ነው፤ ፖስታው ላይ ያለው ስም ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ስም አይደለም። «የአክስቴ ነው፤ መኪናው በሷ ስም ስለሆነ» ይለኛል፣ ነገሩ በዚያ ያለቀ ይመስል።

እንዲህ ያለው ነገር ከየት እንደሚመጣ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ የመጣ ሰው ክሬዲት የለውም፤ ብድር ቢያገኝ እንኳ ወለዱ አይቀመስም። ስለዚህ ሆስፒታል የምትሠራ አክስት ወይም ቀድሞ የመጣ የአገር ልጅ በስሙ ይገዛለታል። ኢንሹራንሱ ላይ የልጁ ስም ይገባል፣ ወርሃዊውን እሱ ይከፍላል፣ ሥራ ይጀምራል። ሁለት ሦስት መኪና ገዝቶ በሳምንት ሒሳብ የሚያከራይም አለ። በአንድ መኪና አንዱ ቀን፣ ሌላው ማታ እየተፈራረቁ የሚሠሩም አሉ። ስለ ኪራዩ ይነጋገራሉ፣ ስለ ዘይት ቅያሪና ስለ ጎማ ይነጋገራሉ። ስለ መንገድ ክፍያው፣ ስለ ቶል፣ ግን አስቀድሞ የሚነጋገር ብዙም አላጋጠመኝም።

አገር ቤት የለመድነው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የሄደ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ መግቢያው ላይ ካርድ ይዘህ መውጫው ላይ እንደ ርቀትህ ትከፍልና ታልፋለህ። መኪናው የማን ነው የሚልህ የለም። እዚህ በ495 እና በ95 ኤክስፕረስ ሌን፣ በሜሪላንዱ አይሲሲ መንገድም፣ የሚቆም መኪናም ገንዘብ የሚቀበል ሰውም የለም። ከመንገዱ በላይ የተሰቀለው መሣሪያ መጀመሪያ መስታወትህ ላይ ያለውን ትንሽ ሣጥን፣ ኢዚ ፓሱን፣ ይፈልጋል። ካነበበው ከዚያ አካውንት ይቆረጣል፣ አለቀ። ካላነበበው ካሜራው ታርጋውን ያነሳል። ታርጋው በአንድ ሰው አካውንት ላይ ካለ ከዚያ ሰው ይቆረጣል፤ ከሌለ ከዲኤምቪ መዝገብ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ይወጣና ደብዳቤው አክስት ቤት ይገባል፣ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት። የቨርጂንያ ሕግ የሚነሳው መኪናውን የነዳው ባለቤቱ ነው ከሚል ግምት ነው። አልነዳሁም የሚል ባለቤት በመሐላ ቃል ማስተባበል ይችላል። ግን የትኛዋ አክስት ናት የወንድሟን ልጅ ስም በመሐላ ጽፋ የምትሰጠው? ዝም ብላ ትከፍላለች፣ ወይም ዝም ብላ ታስቀምጠዋለች። ካስቀመጠችው ደግሞ መኪናውን ለማሳደስ ስትሄድ ዲኤምቪ አላድስም ሊላት ይችላል።

«መኪናው የኔ ስላልሆነ ኢዚ ፓስ ማውጣት አልችልም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይቻላል። ኢዚ ፓስ የመኪናውን ባለቤትነት ወረቀት አይጠይቅም። አካውንቱ የሚከፍለው ሰው ነው፤ መኪናው እዚያ ውስጥ የሚሞላ መስመር ነው። ቨርጂንያ ላይ 35 ዶላር አስቀድመህ ታስገባለህ፣ ካርድህን ትሰጣለህ፣ የታርጋውን ቁጥርና ግዛቱን፣ የመኪናውን ዓይነትና ዓመት ትሞላለህ። ከባለቤቱ የምትፈልገው ፈቃዱን ነው፤ አንድ ጥያቄም ትጠይቀዋለህ፦ «ይሄ ታርጋ እርስዎ ወይም በፊት የነዳው ሰው አካውንት ላይ አለ ወይ?» ታርጋ በአንድ ጊዜ በአንድ አካውንት ላይ ብቻ ነው መቀመጥ ያለበት። አክስትህ የራሷ ኢዚ ፓስ ኖሯት ሁለቱንም መኪናዎቿን አስገብታ ከሆነ፣ የአንተ ሳይነበብ በቀረ ቁጥር የምትከፍለው እሷ ናት። ለዱልስ ቶል መንገድ ለምን እንደምትከፍል ሳታውቅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብላ።

የወረቀት ታርጋ ሌላው ጣጣ ነው። መኪናው አዲስ የተገዛ ሰሞን አካውንቱ የሚከፈተው በጊዜያዊው ቁጥር ነው። ቋሚው ታርጋ በፖስታ ሲመጣ ሁሉም ሰው ብሎኖቹን ፈትቶ ይቀይረዋል፤ አካውንቱ ላይ መቀየር ግን ትዝ የሚለው የለም። ኢዚ ፓሱ በደንብ እስከተነበበ ድረስ ምንም አይሰማህም። ችግሩ የሚታየው ባልተነበበ ቀን ነው። የማይነበበው ደግሞ መኪናው የሰው ነው ብሎ መስታወቱ ላይ መለጠፍ የሚያፍር ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። አንድ ደንበኛዬ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ፣ ከናፕኪንና ከስልክ ቻርጀር ጋር ነበር የሚያስቀምጠው፤ «የሰው መኪና ላይ ማስቲሽ እንዳልለጥፍ ብዬ» አለኝ። ቦታው ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ፣ ከላይ ነው። የሚለጠፍበት ነገር ሲነሳ ምልክት አይተውም፤ የመኪናው ባለቤትም አትቆጣም። ባለቤቷ የራሷን እዚያው ትታው ከሆነ ግን አውርደህ በእጇ ስጣት። ሁለቱ አንድ መስታወት ላይ ሲሆኑ ከማን እንደሚቆረጥ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

የሚያጣላው ግን መኪናው ከተመለሰ በኋላ የሚሆነው ነው። ልጁ የራሱን መኪና ይገዛል፣ የተከራየውን ይመልሳል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ ኢዚ ፓሱን ነቅሎ ይወስዳል። ታርጋው አካውንቱ ላይ እንዳለ ይቀራል። በማግስቱ መኪናውን ሌላ ልጅ ይይዘዋል፣ ያለ ኢዚ ፓስ። ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፣ ሥርዓቱ ታርጋውን አካውንት ላይ ያገኘዋል፣ ይቆርጣል። ሒሳቡ ሲያልቅ ከካርዱ በራሱ ይሞላል። እንዲህ የሆነበት አንድ ሰው ስቴትመንቱን አውጥቼ ሳሳየው ወዲያው ነበር ያወቀው። «ይሄማ የእገሌ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 66 ላይ የሚሠራው እሱ ነው» አለኝ። እንግዲያውስ ንገረው ስለው አንገቱን ደፋ። «ምን ብዬ? ለቶል ብዬ ልጣላው?» ይህን ዓይነት ይሉኝታ አከብረዋለሁ፤ ግን ወር ከወር የሚቆረጥ ገንዘብ ወዳጅነቱን ይበላዋል እንጂ አያቆየውም። ታርጋውን ማውጣት ስልክ ላይ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቁልፉ በሚሰጥበት ሰዓት እዚያው ቆሞ መደረግ አለበት። ከኤርፖርት ለተከራየ መኪና ደግሞ ሲመዘገብ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ማስገባት ይቻላል። የኪራይ መኪና መስታወት ላይ ትንሽ ሣጥን ካለች መዝጋት ነው፤ ከተከፈተች በድርጅቱ በኩል ይቆረጥና የቀን ክፍያ ይከተላል።

ስለ 66 ካነሳሁ አይቀር፦ ከቀለበት መንገዱ (ከ495) ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30 በፈረንጅ ሰዓት ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት ከ3 እስከ 7 ከዲሲ ስትወጣ ይከፈላል። ከዲሴምበር 2022 ወዲህ በነፃ ለማለፍ ሾፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ፍሌክስ የሚባለው ኢዚ ፓስ ኖሮህ መቀያየሪያው ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው ለጫነ መኪና) ከዞረ። ከሰው በተዋስከው መኪና ላይ ፍሌክስ ካገኘህ መጀመሪያ መቀያየሪያውን እይ። ባለቤቱ ልጆቹን ይዞ ሲሄድ አዙሮት ትቶት ሊሆን ይችላል። አንተ ብቻህን በዚያው ካለፍክ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ተሳፋሪ ጭነህ ቶል ስታልፍ ኡበር ቶሉን ተሳፋሪው ላይ ጨምሮ ለአንተ ይከፍልሃል። ስለዚህ ቶሉ በአክስትህ ስም በመጣ ቁጥር አንተ ገንዘቡን አንድ ጊዜ ተቀብለሃል፣ እሷ ደግሞ ከኪሷ ከፍላለች። ክፋት አለ አልልም፤ የሳምንቱ ገቢ አንድ ላይ ስለሚገባ ቶሉ ለብቻው አይታይም። ግን ዕዳ ነው፣ መመለስ አለበት። ስትመልስም በጥሬ ገንዘብ አታድርገው። በዜል ላክና ማስታወሻው ላይ «ቶል» ብለህ ወሩን ጻፍበት።

ይህን የምለው ለአክስት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ወደ ራሴ ሥራ ስለሚመጣም ነው። ተሳፋሪው የከፈለው ቶል በዓመቱ መጨረሻ ከጠቅላላ ገቢህ ጋር ተደምሮ ይቀርባል። ካልተቀነሰልህ ላልበላኸው ገንዘብ ታክስ ትከፍላለህ። ብዙዎች በማይል ሒሳብ፣ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም፣ ስለሚያወጡ ቶሉ እዚያው ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። የለም። ለሥራ የተከፈለ ቶልና ፓርኪንግ ከማይሉ በላይ ለብቻው ይቀነሳል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የከፈልከው አይቀነስም። የሚቀነሰው ግን የከፈልክ አንተ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት ሲኖር ነው። አካውንቱ በስምህ ከሆነ ስቴትመንቱ ይበቃል። በአክስትህ ስም ከሆነ የዜሉ መዝገብና የእሷ ስቴትመንት ጎን ለጎን ያስፈልጉኛል፤ የዘመድ ምስክርነት ለሽምግልና እንጂ ለአይአርኤስ አይሆንም።

እንግዲህ በሰው መኪና የምትሠሩ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አካውንታችሁን ከፍታችሁ ስንት ታርጋ እንዳለበት እዩ፤ የማትነዱትን አውጡ፣ የምትነዱት ከሌለ አስገቡ። ለታክስ ስትመጡም የዓመቱን የኢዚ ፓስ ስቴትመንት አትማችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቢቻል ኤፕሪል 15 አንድ ቀን ሲቀረው ሳይሆን በፌብሩዋሪ።