ለደስታ ብሎ መማር

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጎልማሳ ሆኖ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሰማል። «በዚህ ዕድሜህ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ይሉታል። መልሱ ምንድን ነው?

እስቲ ከሰፈራችን እንነሳ። በነፋስ ስልክ ላፍቶ የምትኖሩ ሁሉ፣ ወደ ሳሪስ ስትሄዱ ግራና ቀኙን ተመልከቱ። የሱቅ፣ የመድኃኒት ቤት፣ የጋራዥ ጽሑፍ ሞልቷል። ትናንት ቀለም ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ያናግራችኋል። «ነፋስ ስልክ» የሚለውን ስም ስንት ዓመት ጠራችሁት? መጀመሪያ ያነበባችሁት ዕለትስ ፈገግ አላላችሁም? ለዚያ ፈገግታ ማንም ደመወዝ አልከፈላችሁም። ደስታው ራሱ ዋጋ ነው።

አሁን የአንድ ሰው ታሪክ እንናገር። አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ደገመው። ይህን ውድድር ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ሁሉም ሰው አያውቅም።

በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። እጆቹ ተሻላቸው። እነዚያ እግሮች ግን ዳግመኛ አልተራመዱም። ዕድሜው ገና 36 ዓመት ነበር።

ያን ጊዜ «ይበቃኛል» ቢል ማን ይወቅሰው ነበር? ወርቅ እንደሆነ አግኝቷል፤ ስም እንደሆነ አግኝቷል። እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተለማመደ። የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ አካል ጉዳተኞች በሚወዳደሩበት በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ በሁለቱም ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋበዘ። እንግዳ ሆኖ ግን አልተቀመጠም። ውሾች በበረዶ ላይ በሚጎትቱት መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ።

ልብ በሉ! በሩጫ የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው በቀስት ጀማሪ ሆነ። እንደ እኛ ከ«ሀ» ጀመረ። ጀማሪ መሆንን አላፈረበትም።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ይገኛል።

ታዲያ እኛስ? ብዙ ሰው የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ደብተሩን ይዘጋል። ያልተለማመዱት ፊደል ደግሞ ይረሳል። የዚያን ሁሉ ማታ ድካም በከንቱ ማስቀረት ያሳዝናል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንምከር።

አንደኛ፣ በየቀኑ ጥቂት እናንብብ። የጋዜጣ ርዕስም ቢሆን፣ የልጃችን መጽሐፍም ቢሆን ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት ያልሞከርነውን አንድ ነገር እንጀምር። ለዘመድ ደብዳቤ መጻፍ፣ ልብስ መስፋት፣ ክራር መምታት፣ በጓሮ ጎመን መትከል፣ የወደድነው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ስንሳሳት አንፈር። ሕፃን ሳይወድቅ መራመድ አይለምድም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?

እንግዲህ ነገ ጎረቤታችሁ «ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ቢላችሁ፣ «ደስ ይለኛል፤ ና አብረን እናንብብ» በሉት።

ደኅና እደሩ።