ስለ ትንፋሽ ማጠር፤ ኤምፊዜማ የተባለው የሳንባ በሽታ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚያዝ

ሰው ሳይበላ ብዙ ቀን፣ ሳይጠጣም ጥቂት ቀን ሊቈይ ይችላል፤ ሳይተነፍስ ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቈየት አይሆንለትም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ዳሩ ግን ትንፋሽ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይከፍሉበት የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ፣ እያጠረ እስኪሄድ ድረስ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

በየሰፈራችን ከገበያ ሲመለሱ ትንሿን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ የሚያርፉ እናት አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንስራ ተሸክመው የወጡባት ዳገት ናት። ጧት ጧት ያስላቸዋል፤ ልብስ ለብሰው እስኪጨርሱ ይደክማሉ። እርሳቸው «ብርድ ነው የመታኝ» ይላሉ፤ ልጆቻቸውም «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። በዚህ ዐይነት ሐኪም ሳያያቸው ዐምስት፣ ዐሥር ዓመት ያልፋል። እርጅና ብቻውን ግን ሰውን በሜዳ ላይ ትንፋሽ አያሳጣም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ፣ በሽታውን ባለማወቅ ሌላ ስም ለሚሰጠውም ሰው ይሠራልና፣ በዚህ ወር ስለ ኤምፊዜማ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሳንባ እንዴት ይሠራል?

በአፍንጫ የገባው አየር በጕሮሮ በኩል ወርዶ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ በሚቀጥኑ ቧንቧዎች ውስጥ ያልፋል። በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ፣ በዐይን የማይታዩ የአየር ከረጢቶች አሉ። ቍጥራቸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ነው። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ሲሆን በውስጡ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይተላለፋሉ። ደም ኦክሲጅንን የሚቀበለውና የተቃጠለውን አየር የሚመልሰው በዚሁ ስስ ግድግዳ ላይ ነው።

በኤምፊዜማ ጊዜ የሚፈርሰው ይህ ግድግዳ ነው። ብዙ ትንንሽ ክፍሎች የነበሩት ቤት መካከለኛ ግድግዳዎቹ ሁሉ ፈርሰው አንድ ባዶ አዳራሽ ቢሆን፣ ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ያው ይመስላል። ሥራው ሁሉ ይሠራ የነበረው በግድግዳዎቹ ላይ ከሆነ ግን አዳራሹ ምን ይጠቅማል? የታመመ ሳንባም እንዲሁ ነው፤ አየር ሞልቶበታል፣ ነገር ግን አየሩ ከደም ጋር የሚገናኝበት ቦታ አንሷል። ከዚህም በላይ ሳንባው እንደ ላስቲክ የመሰብሰብ ኀይሉን ስለሚያጣ፣ የገባው አየር በሙሉ አይወጣም። ስለዚህ በሽተኛው የሚቸገረው አየር ለማስገባት ብቻ ሳይሆን ይልቁንም አሮጌውን አየር ለማስወጣት ነው። «ኤምፊዜማ» የሚለው የግሪክ ቃል ትርጓሜው መነፋት ማለት መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል። የሕመምተኞችን ደረት ማዳመጫ መሣሪያ በ1816 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ፣ በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሽታ በሰፊው ገልጾታል።

በዛሬው ጊዜ ሐኪሞች ኤምፊዜማንና ሥር የሰደደ የብሮንካይተስ ሕመምን በአንድነት የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ይሏቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ይገኛሉና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ይህ በሽታ በ2021 በዓለም ላይ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ገድሏል።

መነሻው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መነሻ ትምባሆ ነው። የሲጋራ ጢስ የአየር ከረጢቶችን ግድግዳ ቀስ በቀስ ያስበላል። ነገር ግን ኤምፊዜማ የአጫሾች በሽታ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ታላቅ ስሕተት ነው። በሕይወታቸው ሲጋራ በእጃቸው ያልነኩ፣ ነገር ግን ከልጅነት እስከ እርጅና መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች ለዚሁ ዐይነት ሕመም ይዳረጋሉ። በሦስት ጕልቻ ላይ የሚነደው እርጥብ እንጨትና ኩበት የሚያወጣው ጢስ ዐይንን ብቻ አያስለቅስም፤ ዐይን የሚያለቅሰውን ሳንባ ዝም ብሎ ይውጠዋል። እናቶቻችን ምጣዱን ባሰሱ ቍጥር ቤተ ሰቡ ሁሉ ጠግቦ በልቷል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የእነርሱ ደረት ነው።

ከዚህ ሌላ በወፍጮ ቤት፣ በድንጋይ መፍለጫና በሲሚንቶ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት አቧራ የሚስቡ ሠራተኞች ይጐዳሉ። በሕፃንነቱ በተደጋጋሚ የሳንባ ምች የያዘው ወይም በጢስ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ሳንባው ሙሉ እድገቱን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ሳንባን ከመበላት የሚጠብቀው አልፋ አንድ አንቲትሪፕሲን የተባለው ንጥረ ነገር ከትውልድ ያንሳቸዋል፤ ይህ የታወቀው በ1963 በስዊድን አገር ነው።

ምልክቶቹ

በሽታው በዝግታ ስለሚመጣ ሰውየው ከሕመሙ ጋር እየተለማመደ ይሄዳል። ዳገት የሚወጣ የነበረው በሜዳ ይሄዳል፤ በሜዳ ይሄድ የነበረው ከቤት ይቀራል፤ በየደረጃውም «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ዘመድና ጎረቤት ሊያስተውሉ ይገባል። ከእኩዮቹ ጋር ሲራመድ ወደ ኋላ የሚቀር፣ ለወራት የሚያስለውና አክታ የሚያስወጣ፣ ሲተነፍስ ደረቱ የሚያፏጭ፣ ሲብስበትም እየከሳ የሚሄድና ደረቱ እንደ በርሜል የሚነፋ ሰው መመርመር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቈየ፣ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን አስቀድሞ አክታን ማስመርመር ያስፈልጋል። የአስም ሕመምም ከኤምፊዜማ ጋር ይመሳሰላል። እነዚህን ለመለየት ሐኪሙ ስፓይሮሜትር በተባለው የትንፋሽ መለኪያ ይጠቀማል። በሽተኛው በኀይል ሲተነፍስ በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ጋር ይነጻጸራል፤ የአየር ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት ከተሰጠውም በኋላ ይህ ከመቶ 70 ካነሰ የአየር ቧንቧው መጥበቡ ይታወቃል።

ሕክምናውና አያያዙ

የፈረሰውን ግድግዳ መልሶ የሚሠራ መድኃኒት እስካሁን የለም። ይህን እውነት መደበቅ አይገባም። ሆኖም «አይድንም» ማለትና «ምንም አይደረግለትም» ማለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። በ1977 ፍሌቸርና ፒቶ የተባሉት እንግሊዛውያን ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሲጋራ የሚተው ሰው የጠፋውን ባያስመልስም የቀረው ሳንባ በፍጥነት ማለቁን ያቆማል። ስለዚህ በ60 ዓመትም ቢሆን ትምባሆ መተው ጊዜው አላለፈም። ለማድ ቤት ጢስም ሥርዐቱ አንድ ነው፤ በሽተኛይቱን መድኃኒት እያጠጡ ወደዚያው ጢስ መመለስ፣ በሚያፈስ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

የአየር ቧንቧን የሚያሰፋው፣ በአፍ እየተሳበ የሚወሰደው ኢንሄለር የተባለው መድኃኒት ትንፋሽን ያቀልላል። አወሳሰዱን ያልተማረ ሰው ግን መድኃኒቱን በአፉ ውስጥ ብቻ ያስቀረዋል። ዕቃውን መነቅነቅ፣ ትንፋሽን አስቀድሞ ማውጣት፣ ከንፈርን ገጥሞ በዝግታ እየሳቡ መጫን፣ ከዚያም እስከ ዐሥር እየቈጠሩ ትንፋሽን መያዝ ይገባል። እጁና ትንፋሹ የማይገጥሙለት ሰው በመካከል የሚገባ የአየር መያዣ እንዲሰጠው ሐኪሙን ይጠይቅ። በጾም ጊዜ ስለ መድኃኒቱ የሚጨነቅም ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር ይማከር እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቋርጠው።

ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ረዳት አለ። ትንፋሽ ሲያጥር ተቀምጦ ወደ ፊት ጐንበስ ማለት፣ ክንድን በጕልበት ላይ ማሳረፍ፣ በአፍንጫ ሁለት እየቈጠሩ መሳብ፣ ከዚያም ሻማ ለማጥፋት እንደሚደረገው ከንፈርን አሹሎ አራት እየቈጠሩ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ይህ የታፈነው አየር እንዲወጣ ይረዳል፤ ድንጋጤንም ያበርዳል። እንዲሁም በሽተኛው «ይደክመዋል» ተብሎ አልጋ ላይ መዋል የለበትም። ጡንቻ ሲሰንፍ ትንፋሽ የባሰ ያጥራልና፣ በየቀኑ እንደ ዐቅሙ እያረፈ ይራመድ። ምግቡንም ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግሞ ቢበላ ሆዱ ደረቱን አይጫነውም። ክትባት በሚገኝበት ስፍራ የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት መከተብ ይጠቅማል።

የደሙ ኦክሲጅን እጅግ ያነሰበት በሽተኛ በቤቱ ኦክሲጅን ሊታዘዝለት ይችላል። በ1980ና በ1981 በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የታተሙ ጥናቶች፣ እንዲህ ያሉ ሕሙማን በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክሲጅን ሲያገኙ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳይተዋል። ኦክሲጅን ግን ሐኪም በወሰነው መጠን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ሲበዛ ለአንዳንዱ በሽተኛ ጐጂ ነው። በአጠገቡም እሳት፣ ሻማም ሆነ ሲጋራ ሊኖር አይገባም። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በቈላ የማይሰማው የኦክሲጅን ማነስ በደጋ ሊሰማ ይችላል።

የበሽተኛው አክታ በዝቶ መልኩ ቢለወጥ፣ ትንፋሹ በድንገት ቢብስ፣ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ቢያቅተው፣ ከንፈሩ ቢጠቍር ወይም ቢቃዥ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ መጠበቅ ከመታከም ይቀላል። ማድ ቤት መስኮትና የጢስ መውጫ ይኑረው። እንጨቱ ደርቆ ይነደድ። እሳቱን የሚከድነው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በተገኘበት ከጕልቻ ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተቻለበት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሕፃናትን በጀርባ አዝሎ ጢስ ውስጥ መቈየት ይቅር። በአገራችን በ2019 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጤስንና 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ የሚጠቅመው ግን የሚያስከብረው ሲኖር ነው።

መምህራን ሆይ፣ ልጆቹ ትምህርቱን ወደ ቤት የሚወስዱት ከእናንተ አፍ ነው። አንድ ተማሪ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ «እማዬ፣ መስኮቱን ልክፈተው» ቢል፣ ወይም አያቱ በዳገቱ ላይ ለምን እንደሚያርፉ ጠይቆ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ቢሄድ፣ የእናንተ ድካም ፍሬ አፍርቷል። ዛሬ ዳገቱ ላይ ቆመው የሚያርፉትን እናት ያየ ሰው፣ «እርጅና ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ክንዳቸውን ይዞ «ሐኪም አይቶዎታል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቃቸው አደራ እንላለን።