«የኛ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሐሳብን በሳጥንና በክብ የመሳል ዘዴ

በድሮው ከተማ፣ የቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወጥቶ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትን ጎጆዎች ያየ ሐበሻ «ዴር ሱልጣን የኛ ነው» ማለቱ አይቀርም። ቆይ ግን፤ ይቺ «የ» ምን ማለቷ ነው? እንኖርበታለን? ባለቤቱ ነን? ወይስ ቁልፉ በእጃችን ነው?

ሰው ከአነጋገሩ ይገምታል። ለኮምፒውተር ግን አንዱን ለይቶ መንገር ያስፈልጋል። ለዚህ ከተፈጠሩት መንገዶች አንዱ «ኮንሰፕቹዋል ግራፍ» ይባላል፤ በቀላሉ «የሐሳብ ሥዕል» እንበለው። አሜሪካዊው ጆን ሶዋ አይቢኤም ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ሲሆን፣ መነሻው ፈላስፋው ቻርልስ ፐርስ ቀደም ብሎ የሳላቸው የሎጂክ ሥዕሎች ናቸው።

ሕጉ አያስቸግርም። ነገርም ሆነ ድርጊት ሳጥን ውስጥ ይገባል። በሳጥኖቹ መካከል ያለው ግንኙነት ክብ ውስጥ ይጻፋል። ቀስት ያያይዛቸዋል። «መነኩሴው በዴር ሱልጣን ይኖራል» የሚለው እንዲህ ይሆናል፦

[መነኩሴ] ← (ማን) ← [መኖር] → (የት) → [ዴር ሱልጣን]

አሁን «የ» መደበቂያ የላትም። ቁልፉን ማለቱ ከሆነ ሥዕሉ ይለወጣል፦

[መነኩሴ] ← (ማን) ← [መያዝ] → (ምን) → [ቁልፍ]

ባለቤትነት ደግሞ ሦስተኛ ሥዕል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ዝም ብሎ መዝለል አይቻልም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የትንሣኤ ሌሊት፣ በዴር ሱልጣን የቅዱስ ሚካኤልና የአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤቶች በሮች ቁልፍ ተቀይሮ አዲሱ በኢትዮጵያውያኑ እጅ ገባ። ግብፃውያኑ ኮፕቶች ከሰሱ። በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶች ይመለስ አለ፤ የይዞታውን ዋና ክርክር ግን መንግሥት እንዲያየው ተወለት። ዳኞቹ ሁለቱን ሥዕሎች ለያይተው አዩ ማለት ነው። ኢትዮጵያውያኑ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ክርክሩም አልተቋጨም።

ለልምምድ ያህል ከግንቡ ወጣ ብላችሁ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ሂዱ። «ደብረ ገነት የዐፄ ዮሐንስ ናት» ቢሏችሁ ወረቀት አውጡና ሳሉት። ሕንፃውን ያስጀመሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ የተፈጸመው ግን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። [ማስጀመር] እና [መፈጸም]፤ ሁለት ሳጥን። ከመከራከራችን በፊት የትኛውን ሳጥን እንዳልን ብንተያይ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይቀር ነበር።